የግራ እጅ ጠመንጃ

በቤተሰባችን ውስጥ ነገር የመቀማት ሥራ የኔ ነው። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። አባታችን ሲያረጅ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናታችን ምድጃ ለኩሳ መርሳት ስትጀምር ከቤቷ አውጥቼ መጦሪያ ያስገባኋትም እኔው ነኝ፤ እስክትሞት ድረስ ስሜን አልጠራችም፣ "ያ ሰውዬ" ነበር የምትለኝ። ባለፈው ጸደይ ደግሞ ሚስቴን ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ በቃኝ ብዬ ነበር። ጉልበቴም ልቤም ዝሏል።

ያልበቃው ለሌሎቹ ነው። የታላቅ ወንድሜ የኤልዉድ ልጅ ጃኒን ከሃሪስበርግ ደወለችልኝ።

"አጎት ሜርል፣ አባዬ ሌላ ጠመንጃ ሊያዝ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ዓይኑ እኮ አያይም።"

"ግራው ያያል።"

"ግራው ምን ያያል? በቀደም አጥሩ ላይ የሰቀልከውን ካፖርት 'ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ አትገባም?' ሲለው አልነበር እንዴ?"

እውነቷን ነው። ካፖርቴ መልስ ስላልሰጠው ማታ እራት ላይ እኔን አኩርፎኝ ነበር።

"እሺ ይሥራው፤ ሥራው ደስ ይለዋል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ግን ይዞት ጫካ እንዳይገባ። አደኑ ሳይጀመር አንተ ካልወሰድክበት ማን ይወስድበታል?"

ሹመቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። እሺ አልኩ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

በኛ በፔንሲልቬንያ ተራሮች የገና ማግስት የባልጩት አደን ይጀመራል። ዘመናዊ ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በአፉ ባሩድና እርሳስ የሚቃም፣ ባልጩት ብረት መትቶ በሚረጨው ፍንጣሪ የሚተኩስ፣ ያ ቆመህ ጠብቀኝ የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ እኔና ኤልዉድ አንድም ዓመት ቀርተን አናውቅም። ደግሞ በኛ ዘንድ ሰው የሚተኩሰው ራሱ የሠራውን ነው። ክፍሎቹ በሳጥን ይመጡልሃል፤ እንጨቱ በጥሬው የተጠረበ፣ ብረቱ ያልተወለወለ፤ የቀረው ያንተ ፋንታ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ገዝቶ የመጣ ሰው ማንም ምንም አይለውም፣ ምሳውን ግን ብቻውን ነው የሚበላው።

የኤልዉድ ቀኝ ዓይን መሀሉ ሞቷል። ዙሪያውን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ግን አንድ ሰው አውራ ጣቱን የለጠፈበት ይመስል አያየውም። ሐኪሙ ግራውም እየተከተለው ነው ብሎታል። እሱ ከሐኪሙ አፍ የያዘው "እየ" የምትለዋን ብቻ ነው። ገና ነው ማለት ነው፣ አለኝ።

ሊመርጥ የተቀመጠ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሻጮቹን መጽሔት ዘርግቶ፣ በግራ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ደቅኖ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ደርሷል።

"ይኼ የሆላንዶቹ ስልት ነው፣ የድሮዎቹ የሁድሰን ወንዝ ሰዎች። ከኔ ይረዝማል።"

"ከአንተ የሚረዝም ምን ያደርግልሃል? ልትደገፈው ነው?"

"ዝም በል። ቁጥቋጦ ውስጥ ይያዛል፣ እሱን ትቼዋለሁ። ይኼኛው የእንግሊዞቹ ነው። ሰደፉ ቀጭን፣ ቱቦው ቀላል፣ ውስጡ ልሙጥ። ስትፈልግ ለወፍ ጥቃቅኑን እርሳስ ትሞላለህ፣ ስትፈልግ ለአጋዘን አንዷን ድቡልቡል።"

"ግድግዳህ ላይ የተሰቀሉትስ? ውስጣቸው ጥምዝ የተፈለፈለ፣ ከሩቅ ሳንቲም የሚመታ?"

"እነሱን ለማን እንደምሰጥ አስብበታለሁ።" መነጽሩን አስቀመጠ። "እነሱ የኋላ መመልከቻ አላቸው፣ የፊት መመልከቻ አላቸው፣ ከዚያ አጋዘኑ አለ። ሦስት ነገር ማሰለፍ አልችልም። ይኼ አፈሙዙ ላይ አንዲት የብረት ፍሬ ናት ያለችው። የኋላ መመልከቻው የራስህ ዓይን ነው። እንጨቱ ጉንጭህ ላይ በደንብ ከተቀመጠ ወደምታይበት ይሄዳል።"

"ወደማታይበትስ?"

ቀና ብሎ በግራ ዓይኑ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"ደክሞሃል፣ አይደል?" አለኝ።

"ደክሞኛል" አልኩት። እውነቴን ነበር።

የግራ ትከሻ ጠመንጃ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ሠሪውም ጥቂት ነው። ማቀጣጠያው በግራ ጎን የተገጠመለት እስኪገኝ በረዶው ቀልጦ ሙቀቱ ገባ። ሳጥኑ ሲመጣ ኤልዉድ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የተጠረበውን እንጨት እንደ ሕፃን አቅፎ ምድር ቤት ወዳለው መሥሪያው ወረደ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳሁ መሄድ ጀመርኩ። ልረዳው ነው የምሄደው፤ ግን አንድ ነገር ሲበላሽ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። እንጨቱ ቢሰነጠቅ፣ መሮው ቢያስተው፣ ሰልችቶት ቢተወው፣ እኔ ከሹመቴ እገላገል ነበር።

አልተበላሸም። ቱቦውን እንጨቱ ውስጥ ማስተኛት ከሥራው ሁሉ አድካሚው ነው። ብረቱን ጥላሸት ትቀባዋለህ፣ እንጨቱ ላይ ትጫነዋለህ፣ ታነሳዋለህ፤ ጥቁር የነካው ቦታ ገና ከፍ ያለ ነውና በመሮ ትልጠዋለህ። ደግሞ ትቀባለህ፣ ደግሞ ትጫናለህ። ቀኑን ሙሉ ይኼው ነው። ጥቁሩን የምነግረው እኔ ነበርኩ፤ በኋላ ግን እኔን መጠየቅ ተወ። በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ "እዚህ ጋ ነች" ይላል፣ ይልጣታል። ሚስቱ በሞተች ጊዜ እንኳ እንዲህ ዝም ብሎ ሲሠራ አላየሁትም።

ሰደፉ ጉንጩ ላይ እንዲቀመጥ ሲጠርበው ደግሞ እኔን ከፊቱ አቆመኝ። ያኔ እንጨትና ባዶ ቱቦ ብቻ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳዋል፣ ትከሻው ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ይገልጣል። እኔ አፈሙዙ ፊት ጎንበስ ብዬ ዓይኑ የት እንደተቀመጠ አየዋለሁ።

"አሁንስ?"

"ወደ ውጭ ወጥቷል።"

ይልጣል። ያነሳል።

"አሁንስ?"

"ዝቅ ብሏል። ጉንጭህን ነው ወይስ እንጨቱን ነው የምትጠርበው?"

"ጉንጩ ካለቀ እነግርሃለሁ።"

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ቅዳሜ ዓይኑን ሲገልጥ ግራ ዓይኑ ልክ ፍሬዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ እዚያው። ያ ሰማያዊ ዓይን ከቱቦው በላይ አፍጥጦ ያየኛል፤ እኔን እንደሚያይ ግን አላውቅም ነበር። በሕይወቴ እንዲህ የሚገጥም ጠመንጃ አላየሁም። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ፈራሁት።

"አሁንስ?" አለኝ።

"ደርሷል" አልኩት።

እንጨቱን የተልባ ዘይት እየደጋገመ ቀባው። የመጨረሻው ሥራ የእሳት ቀዳዳው ነበር። የቱቦው ኋላ በብረት መድፈኛ የተዘጋ ነው፤ ባሩዱ የሚተኛው ከመድፈኛው ፊት ነው። በቱቦው ጎን ባለችው ትንሽ የባሩድ ሳህን ላይ የምትነድደው እሳት በዚያች ቀዳዳ ገብታ ነው ባሩዱን የምታገኘው። ቀዳዳዋ ትንሽ ወደ ኋላ ካፈገፈገች መድፈኛው ላይ ትዘጋለች፤ እሳቱ ውጭ ይነድዳል እንጂ ጠመንጃው አይተኩስም። ስለዚህ ሰው ከመብሳቱ በፊት ዘንግ ወደ ቱቦው ይጥላል፣ የት እንደቆመ ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል። ይህንን ለጀማሪዎቹ ሁሉ እየደጋገመ ሲያስተምር የኖረው ኤልዉድ ነው።

እኔ ለጉልበቴ ሐኪም ቤት በሄድኩበት ቀን ብቻውን በሳው።

"ለምን አልጠበቅከኝም?" አልኩት በስልክ።

"አንተ መርፌ ስትወጋ እኔም ልውጋ ብዬ ነው" አለና ዘጋው።

የገና ዕለት ጃኒን ከአማቶቿ ቤት ሆና ደወለች። "ዛሬ ነው አጎቴ" አለች ብቻ። የመኪናዬን የኋላ ወንበር አጥፌ፣ የምጠቀልልበት ብርድ ልብስ ዘርግቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። "ለአንተው ብዬ ነው" የሚለውን ለእናታችን ብዬው ስላልሠራ ትቼዋለሁ። ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም።

ኤልዉድ ወጥ ቤት ገብቶ የአሳማ ሥጋውን ይቆርጣል። ጠመንጃው ሳሎን በሩ አጠገብ ተደግፏል። አነሳሁት። የሰው ጠመንጃ እጃችን ከገባ ሁላችንም ሳናስበው የምናደርገው ነገር አለ፤ ዘንግ ጥለን ባዶነቱን እናያለን፣ በሽቦ ቀዳዳውን እንኮረኩራለን። ዘንጉ ታች ደረሰ። ባዶ ነው። ሽቦውን በቀዳዳው አስገባሁ። ገና ሳይገባ ቆመ። አዙሬ ሞከርኩት። ብረት ነው። ቀዳዳው መድፈኛው ላይ ነው የተበሳው።

እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሰው፣ በጣቱ የፀጉር ውፍረት የሚለይ ሰው፣ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ስቷታል። ሳያይ ለክቶ፣ ሳያይ በስቶ። አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ ሸክም ከላዬ ላይ ወረደ። ይህ ጠመንጃ ማንንም አይገድልም። ልቀማው አያስፈልገኝም። ብነግረው እጁ እንደከዳው ያውቃል፣ እሱም ይሰበራል፤ ካልነገርኩት ግን ነገ ጫካ እንወጣለን፣ ሳህኑ ላይ ፏ ይላል፣ ባልጩቱን ይራገማል፣ እንመለሳለን። ጠመንጃውን ወደ ቦታው መለስኩትና ገብቼ በላሁ። ድንቹንም ሥጋውንም ደጋግሜ አነሳሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ በረዶው ቀጭን ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣን። ወጣሁ ስል ጉልበቴ፣ ቆምኩ ስል ትንፋሼ ያስቸግረኛል። የድሮው ቦታችን፣ ከወደቀው ትልቅ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን። ጠመንጃውን ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎረሰ፣ ሳህኑ ላይ ቆንጥሮ ባሩድ አደረገ።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ቁጥቋጦው ውስጥ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ኤልዉድ ከኔ ቀድሞ ሰማው። ጠመንጃውን ሲያነሳው እንጨቱ ጉንጩ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ አንድም የባከነ እንቅስቃሴ አልነበረም። አፈሙዙን ተከትዬ ተመለከትኩ። አጋዘን ናት፣ ጎኗን ሰጥታ ቆማለች። ፍሬዋ ልክ ከፊት እግሯ ኋላ፣ ሳንባዋ ላይ ነበረች። ባልጩቱ መታ፣ ሳህኑ ፏ ብሎ ነደደ፣ ነጭ ጢስ ሆነ። ከዚያ በቀር ምንም። አጋዘኗ ዘልላ ጠፋች።

ኤልዉድ ጠመንጃውን አወረደ።

"ምን ነበር?" አለኝ።

አጋዘኗ የጠፋችበትን ቁጥቋጦ እያየሁ ነበር።

"ሜርል። ምን ነበር እሱ?"

"አጋዘን። ሴት።"

"አጋዘን" አለ፣ ራሱን ነቀነቀ። "እግዜር ይመስገን።" ከዚያ ዘንጉን መዝዞ ወደ ቱቦው ጣለው። ታች ብረት መትቶ ጮኸ። ባሩድም እርሳስም አልነበረበትም።

"ትናንት ልትወስደው ነበር የመጣኸው" አለኝ። "ስትገባ ድምፅህ ጃኒን የላከችው ሰው ድምፅ ነበር። ሥጋውን ቆርጬ ስመጣ ደግሞ ድንች ጨምርልኝ ትላለህ። ሽቦውን እንዳስገባህ ያኔ ገባኝ።"

"የሳትከው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩህ።"

"እኔ እሱን እስታለሁ?" አለ፤ ተቀይሞ ነበር፣ ከልቡ። "ዘንግ ጥዬ ለካሁ። ምልክቱን በጣቴ አገኘሁት። ከዚያ መሰርሰሪያውን ወደ ኋላ ወሰድኩት።"

"ዝም ብለህ ባዶውን ይዘህ ብትዞር ምን ነበረበት? ያንን የመሰለ ሥራ ምን አበላሸህ?"

"ቀዳዳው ደህና ቢሆን አንድ ቀን አጎርሰው ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።" ጓንቱን አውልቆ ሰደፉን በመዳፉ ዳበሰው። "ደግሞ አንተ መጥተህ እንድትቀማኝ አልፈለግኩም። እማማ ያደረገችህን አይቻለሁ። እንደዚያ ሆኜ መሞት አልፈልግም፣ አንተም እንደዚያ ያለ ሌላ ሸክም አትችልም።"

አለቀስኩ። ጢሱ ነው አላልኩም። እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፣ ቁልቁለቱንም ቀስ እያልን ወረድን።

ያ ቀዳዳ የማይድን ነገር አይደለም። መድፈኛውን ፈትቶ ፊቱ ላይ በሞረድ ጎድጎድ ማውጣት ነው፣ እሳቱ መንገድ ያገኛል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መኪናው ጋ እስክንደርስ፣ ከዚያም እስከ ቤቱ፣ አንዳችንም አላነሳነውም።