የበሉ ሰዎች ስብከት

የኛን የአንኮበር ገደል ጥልቀት ልንገራችሁ፤ ጠዋት ድንጋይ የለቀቀበት ሰው ድምፁን የሚሰማው ምሳ በልቶ ነው። ውሸት ነው የሚል ይምጣና ይልቀቅ። አፋፍ ሚካኤል የተተከለው በዚያ ገደል ጫፍ ላይ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ወይራ ሥር ደግሞ እኛ ነበርን የተተከልነው።

እኛ ማለት የበላን ማለት ነው። ቁርስ የቀመሰ ሰው ቅዳሴ እንደማይገባ፣ ደጅ እንደሚቆም ሕፃን ያውቀዋል። እኔና ጓደኞቼ ይቺን ሕግ እንደ ወዳጅ ያዝናት። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ገንፎም ትሁን ቆሎ አንድ ነገር አፋችን ጣል እናደርግና፣ "ምን ይደረግ፣ በላን እኮ" ብለን ወይራው ሥር እንሰየማለን። ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት የሸሸሁት ፊደል ጨርሼ ዳዊት ሳልጀምር ነው። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ እግዜር መኖሩንም እጠራጠር ነበር። ቢኖርማ አንኮበርን ይህን ያህል ባላበረዳት!

እና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውሸት አወራለሁ። ሰው ይከበኛል። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭኖ የሚወጣው ዓወል እንኳ አህያውን አስሮ ይቀመጣል።

"እኔስ እስላም ነኝ፤" ይለናል፣ "እናንተ ምን ሆናችሁ ነው ከኔ ጋር ደጅ የምትውሉት?"

"በልተን ነዋ!"

"ወይ ጉድ! እኛ ረመዳንን ሙሉ እንይዛለን፤ እናንተ አንዲት ጠዋት አቃታችሁ?"

አዲሱ ቄሳችን መምሬ ገብረአብ ከሰላ ድንጋይ ሲመጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይልቅ ውጭው ሞልቶ አገኙት። ሌላ ቄስ ቢሆን ይገዝተን ነበር። እሳቸው ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ መስቀላቸውን እንደያዙ መጡና ከመካከላችን ቁጢጥ አሉ።

"ቀጥል እንጂ ወርቅአገኘሁ፤ እኔም ልስማ።"

አፋፍ ላይ ሲያርስ ከነበሬው ገደል የገባውን ሰውዬ እያወራሁ ነበር። ሰውዬው ሲወርድ ሲወርድ ራበው፤ ስንቁን ፈቶ በላ። እንቅልፍ ወሰደው፤ ነቃ። ገደሉ ላይ የተቀመጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች "ወዴት ነው?" ቢሉት "ገበያ" አላቸው። በመጨረሻ አሊዩ አምባ ገበያ፣ የዓወል በርበሬ ላይ ዘጭ! በርበሬው አፍንጫው ገባና አንድ ጊዜ ቢያስነጥሰው፣ የማስነጠሱ ኃይል መልሶ አንኮበር ማሳው ላይ አቆመው።

መምሬ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። "በሬውስ?" አሉ።

"በሬውን አላስነጠሰውም። እዚያው ተሸጠ።"

በሳምንቱ ቅዳሴውን ለሌሎቹ ቀዳሾች ትተው፣ ወንጌሉን ይዘው ወይራው ሥር መጡ። በግዕዝ አይደለም፣ በኛው አማርኛ። የጠፋውን ልጅ ደብረ ብርሃን ገበያ የአባቱን በግ ሸጦ የጠፋ አስመስለው ሲያወሩት፣ ዓወል "ይኼን ልጅማ ሳላውቀው አልቀርም" አለ። ሳቃችን ደመናውን ገፋው። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። እኔ እንኳ፣ ከሃዲው፣ ቀድሜ መቀመጫዬን መያዝ ጀመርኩ።

ጣጣው የመጣው ሳቁ ውስጥ ድረስ በመሰማቱ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ያስቀደሱ ባልቴቶች "ዛሬስ ሳላስበው ሽምብራ ቀመስኩ" እያሉ ወደ ወይራው ይጎርፉ ጀመር። ውስጥ ከቀዳሾቹ ጋር መሪጌታ ወልደተንሣኤ ብቻቸውን ቀሩ። ሲያዜሙ የሚመልስላቸው ግድግዳው ሆነ። አንጀታቸው አረረና ደብረ ብርሃን ድረስ አቤት አሉ፤ "ቄሱ ሕዝቡን ቁርስ አስለምደው ታቦቱን ብቻውን አስቀሩት።"

ከቤተ ክህነት ጸሐፊ ሊመጣ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ ባዶ ከተገኘ መምሬ ደብሩን ይለቃሉ። እኔ ደግሞ የሚስቅልኝ ሌላ ቄስ ከየት አመጣለሁ?

አሰብኩ። ጸሐፊው ከበላ አይገባም። ካልገባ ባዶውን አያይም።

ቅዳሜ መንገድ ላይ ጠብቄ ከነበቅሎው ቤቴ አሳደርኩት። አቶ ይርጋለም ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሆዱም ጨዋ ነው። እሑድ ማለዳ አልታየች የምትባለው ባለቤቴ በቅቤ የራሰ ገንፎ አቀረበች።

"ሳላስቀድስ?" አለ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ መንገደኛ ነዎት። የኛ ገደል ባዶ ሆድ ካየ ይስባል።"

ብቻውን እንዳይከፋው እኔም አብሬው በላሁ። ለጨዋነት ብዬ ነው፤ ሳህኑ ግን የጠራው በኔ ነው።

ወይራው ሥር ብንደርስ ከዓወልና ከአህያው በቀር ማንም የለም።

"ሰዎቹስ?" አልኩት።

"ውስጥ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ትናንት አንተ እንግዳ ስትጠብቅ መምሬ ገበያ መሐል ቆመው ያንን ገደል የገባውን ሰውዬህን አወሩ። ጭላዳዎቹ ጋ ሲደርሱ ቀጥ! 'የቀረው ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ውስጥ' ብለው ሄዱ። ሕዝቡ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ነው የመጣው።"

አቶ ይርጋለም ወደ አጥሩ ዞረ። የገቡት ወንዶች ያስደገፉት ዱላ ብዛቱ አጥሩን የባሕር ዛፍ ደን አስመስሎታል። "ደጅ ነው የሚውሉት አልተባለም እንዴ?" አለ። ደጅ ያለነው ክርስቲያኖች እኔና እሱ ብቻ ነን።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ጸጥታ። ቀጥሎ እልልታ።

"ምን ብለው ነው?" አለ አቶ ይርጋለም፣ አንገቱን እያሰገገ።

"መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ተረቱ የኔ ነው። ሰውዬውን ያስነጥሰዋል።"

"ተው እንጂ፤" አለ ዓወል፣ "ለማስነጠስ እልል ይባላል?"

ሰው መውጣት ጀመረ። ከሴቶቹ መሐል አልታየችን አየኋት።

"አንቺም ገባሽ? ገንፎውን ስታገነፊ አልቀመስሽም?"

"ትናንት ገበያ ነበርኩ እኮ።"

"ታዲያ አትነግሪኝም!"

"መች ጠየቅኸኝ?"

"እሺ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?"

"ጹምና ግባ" ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ አለፈች።

መምሬ ወጡ። እኛን አልፈው ዓወል ጋ ሄዱና ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። ዓወል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን አሉህ?" አልነው እኩል።

"ወላሂ አልናገርም፤ አደራ ነው።"

"ዓወል እንግዳችን ነው፤" አሉ መምሬ፣ "ውጭ ያቆመው ሃይማኖቱ ነው፣ አከብርለታለሁ። እናንተን ግን ውጭ ያስቀራችሁ ገንፎ ነው።"

አቶ ይርጋለም በዚያው ቀን ሊመለስ ነበር። በቅሎዋ አነከሰች አለ። በቅሎዋ እንደሆነች ጓሮዬን ስትዘልበት ነው የሰነበተችው። እሱም ሳምንቱን እኔ ዘንድ ከርሞ በሚቀጥለው እሑድ ሆዳችን እየጮኸ ተያይዘን ገባን። መምሬ ለሁለታችን ሲሉ ተረቱን ደገሙት፤ ሕዝቡም እንደ አዲስ ሰማው።

"ሰውዬው እስከ ዛሬ አልወደቀም፤" አሉ። "ወድቆ ቢሆን ስንቅ ፈትቶ ይበላ ነበር? እንቅልፍስ ይወስደው ነበር? ከሥሩ መዳፍ አለ። ጭላዳዎቹ አይተውታል፤ ያላየው እሱ ብቻ ነው።"

ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ረሃብ ይሆናል። ዝም ማለት አልችልምና "በሬውስ?" ብዬ ጮህኩ።

"በሬውም እዚያው ነው፤ አልተሸጠም!" አሉ መምሬ። ያን ጊዜ እልልታው ጣሪያውን ከፍ አድርጎ መልሶ ሲያስቀምጠው በዓይኔ አየሁ።

አቶ ይርጋለም ደብረ ብርሃን ሲመለስ መቆሚያ እንዳጣ ተናገረ። መምሬ ደብራቸው ጸና። መሪጌታም ሲያዜሙ የሚመልስ ሕዝብ ስላገኙ ጠባቸውን ረሱት፤ ድምፃቸውም አሊዩ አምባ ይሰማል። አሁን መምሬ እሑድ እሑድ ማለዳ ወይራው ሥር ግማሹን ያወራሉ፤ ሲወጡ ለዓወል መጨረሻውን ይነግሩታል።

እኔ ማስነጠሱ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት አፌ እህል አይነካም። ይህን ሁሉ ውሸት ነው የሚል ካለ፣ ወይራው ሥር መቀመጫ ድንጋዬ ባዶ ነው፤ ቁርሱን በልቶ ይምጣና ይቀመጥበት።