በእናቶች ቀን ሴቪቼ የለም

ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ ብዬ የተነሳሁት ሳህን እያጠብኩ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሳህን አጣቢ ሆኜም ቢሆን በወጥ ቤቱ መስኮት አዳራሹን እያየሁ፣ "ያ ጠረጴዛ እዚያ ምን ይሠራል? ያቺ አስተናጋጅ ለምን እጇን ባዶ አድርጋ ተመለሰች?" እያልኩ የአብሳዮቹን ጆሮ አደነቁር ነበር። በኋላ አስተናጋጅ ሆንኩ፣ ቀጥሎ የአስተናጋጆች አለቃ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በአውቶቡስ ተጋፍቼ ሊማ መሃል ከተማ እየሄድኩ የምግብ ቤት አስተዳደር ተማርኩ። ዲፕሎማዬን ስቀበል እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን በልቤ "ገና ምን አይታ!" አልኩ። እኔ ኖርካ እንዲህ ነኝ፤ የማይወደኝም ይህን ያውቃል።

የምሠራበት ቤት ካያኦ ወደብ አጠገብ ነው። በባለቤቷ ስም "ኤደልሚራ ቤት" ይባላል። ሥራችን ሴቪቼ ነው። ጠዋት ከባሕር የወጣ ዓሣ ተቆርጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት፣ እሳት ሳይነካው ለምሳ ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ በራችንን እንዘጋለን። በእኛ ሰፈር ማታ ሴቪቼ የሚበላ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል።

በአክብሮት ዶኛ የምንላት ኤደልሚራ ይህን ቤት ከአንዲት ጋሪ ተነስታ ያቆመች ሴት ናት። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ አላት። አንድ ቀን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠራችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ሥራ አስኪያጅ ልሁን እያልሽ ስንት ጊዜ ነዘነዝሽኝ?"

"ገና አልጀመርኩም፣ ዶኛ።"

"አፍሽን ያዢ። የእናቶችን ቀን ብቻሽን ምሪው። እኔ እንደ ማንኛዋም እናት ለብሼ መጥቼ ምሳዬን እበላለሁ። ስሜን ጠብቀሽ ካዋልሽልኝ ቤቱን አንቺ ትመሪዋለሽ። ካልሆነ ሬይናልዶ ይረከባል።"

ሬይናልዶ ልጇ ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ምግብ ቤት ለእሱ ወንበር የበዛበት መጋዘን ነው። እሱ ከተረከበ እኔ እስከ ጡረታዬ ሳህን ተሸካሚ ሆኜ እንደምቀር አውቅ ነበር። "ይሁን" አልኳት። በደስታ ብዘል ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራ አስኪያጅ አይዘልም ብዬ ራሴን ያዝኩ።

የእናቶች ቀን በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። የዚያን ዕለት እናቱን ምድጃ አጠገብ ያቆመ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይታማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እናቱን፣ አማቱን፣ አክስቱን ይዞ ወደ ምግብ ቤት ይፈልሳል። ጠረጴዛዎቻችን ከተያዙ ሰነባብተዋል። ተጨማሪ ወንበር ከቀብር ማኅበሩ ተውሻለሁ፤ አስተናጋጆቹን ማን የት እንደሚቆም አሠልጥኛለሁ። ሁሉ ነገር በእጄ ነበር።

ረቡዕ ባሕሩ አበደ።

ማዕበሉ የወደቡን ግንብ እየዘለለ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ጀልባ እንዳይወጣ ተከለከለ። ነገ ይከፈታል አልን፤ አልተከፈተም። ዓርብም ያው ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ከሳቢና ነው የምገዛው። አፏ እንደ ቢላዋዋ የሰላ ሴት ናት፤ ግን አታታልለኝም።

"ደንበኛዬ፣ እንዳትነኪው!" አለችኝ ገና ከሩቅ።

"ምነው?"

"ሬሳ ነው።"

"ሳቢና፣ ያልሞተ ዓሣ ሸጠሽልኝ ታውቂያለሽ?"

"ይሄ ግን የሞተበትን ቀን ራሱ ረስቶታል።" መተንፈሻ ስንጥቡን ገልጣ አሳየችኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ጠቁሯል። "ለሚጠብስ ሰው እሸጠዋለሁ። አንቺ ጥሬውን ነው የምታቀርቢው። ማክሰኞ ስትከፍቱ ተመልሰሽ ሳትረግሚኝ ፊቴን እንድታዪው እፈልጋለሁ።"

አጠገባችን የሌሎች ምግብ ቤቶች ሰዎች ከበረዶ ቤት የወጣ ዓሣ በሳጥን በሳጥን ይጭኑ ነበር። አንዱ ጠቀሰኝና "ሎሚውን አብዢው፣ ማን ያውቃል?" አለኝ። እኔ አውቃለሁ። በረዶ የበላው ዓሣ ሎሚ ሲነካው ውሃ ይተፋል፣ ሥጋው እንደ ረጠበ ጋዜጣ ይበጣጠሳል። ፈራሁ፤ አልደብቅም። በዓመቱ ትልቁ ቀን፣ በሴቪቼ ቤት፣ ሴቪቼ የለኝም። ትንሽ ቆሜ ሰደብኩት ባሕሩን። ከዚያ ፊቴን አዙሬ ወደ ዶሮ ተራ ሄድኩና ያገኘሁትን ዳክዬ ሁሉ ገዛሁ።

ዋናው አብሳያችን ኡልደሪኮ ይባላል። እኛ ማስትሮ ነው የምንለው። ነገሩን ስነግረው ቢላዋውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"ኖርካ፣ አሞሻል?"

"ደህና ነኝ።"

"ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ቄሱ ዛሬ ቅዳሴ የለም ቢሉሽ ምን ትያለሽ?"

"እውነተኛ ቄስ ናቸው እላለሁ። ማስትሮ፣ ዳክዬ አምጥቻለሁ።"

ኡልደሪኮ የሰሜን ሰው ነው። በአገሩ ዳክዬ በድንብላል ቅጠልና በጥቁር ቢራ ይበስልና ሩዙ ያን መረቅ ጠጥቶ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ይህን ምግብ እዚህ ልሥራ ብሎ ዶኛን ያልለመነበት ጊዜ የለም። እሷ ደግሞ "ክንፍ ያለው ነገር በቤቴ አይበስልም" ብላ ታባርረዋለች።

"ወፍራም ናቸው?" አለ፣ ንዴቱን ሳይለቅ።

"አንተን ያክላሉ።"

"ቢራውስ?"

"በር ላይ ነው። እንዳትጠጣው ብቻ።"

ሽርጡን ጠበቅ አደረገ። "አሮጊቷ ትገድልሻለች" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ሰርግ ነበር።

እሑድ ጠዋት በራችን ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ጠራርጌ በትልልቁ ጻፍኩበት፦ ወደቡ ዝግ ነው። ዛሬ ሴቪቼ የለም። ዳክዬ በሩዝ አለ። ለአስተናጋጆቹም አንድ ነገር አዘዝኩ፤ ማንም ሰው ይህን ሳይሰማ እንዳይቀመጥ። ተቀምጦ፣ ናፕኪኑን ዘርግቶ፣ ምራቁን ከዋጠ በኋላ የለም የተባለ ሰው ይቅር አይልም። ራሴ በሩ ላይ ቆምኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሰሌዳውን አነበቡ፣ እኔን አዩ፣ ሄዱ። ተከትለው የመጡትም ሄዱ። አንዱማ "የሴቪቼ ቤት ዳክዬ ከሸጠ ፀጉር ቤት ጥርስ ይነቅላላ!" ብሎ ዘመዶቹን አሳቀብኝ። በባዶው አዳራሽ ውስጥ የተዋስኳቸው ወንበሮች ተደርድረው ሲያዩኝ ላብ አጠመቀኝ። ሬይናልዶ የቤቱን ቁልፍ ይዞ በሐሳቤ ታየኝ።

ያኔ ስህተቴ ገባኝ። የማናግረው መኪናውን የነዳውን ወንድ ልጅ ነበር። ቀኑ ግን የእሱ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ቤተሰብ በሩ ላይ እንደቆመ ልጁን አልፌ እናቲቱ ጋ ሄድኩ። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ እጃቸው በመረብ ገመድ የተላጠ የወደብ ሴት ናቸው።

"እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት። ወደቡ ከረቡዕ ጀምሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሴቪቼ አልሰጥዎትም።"

ልጃቸው ተቆጣ። "እማዬ፣ ማዶ ያለው ቤት አለው አሉ፤ እንሂድ።"

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ማዶ ያለው ዓሣውን ራሱ ዋኝቶ ነው ያመጣው?" አሉት ልጃቸውን። "አባትህ ወደብ ሲዘጋ ምን ይበላ ነበር? ዶሮ! ግባ፣ ተቀመጥ። ዳክዬው ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው፣ ልጄ?"

"ደርሷል፣ እማማ።"

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ቀላል ሆነ። ወንዶቹን ተውኩና እናቶቹን ያዝኩ። የካያኦ እናቶች ባሕር ያውቃሉ። ገሚሶቹ ባላቸውን እየጠበቁ ማዕበል ሲቆጥሩ ያረጁ ናቸው። የሄዱ አልጠፉም፤ የገቡት ግን በለጡ። ዳክዬው ሲወጣ ሽታው እስከ መንገዱ ደረሰና የቀረውን ሥራ ሠራልኝ። አዳራሹ ሞላ። አስተናጋጆቼ ሳይጋጩ ይመላለሱ ነበር፤ ኡልደሪኮ ከወጥ ቤት እየዘፈነ ነው። አየሁና ኮራሁ። ይህን ለማየት ነበር ያን ሁሉ ሳህን ያጠብኩት።

ዶኛ ኤደልሚራ በዚህ መሃል ደረሰች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ የጆሮ ጌጧን አድርጋለች። ሬይናልዶ ከኋላዋ ነጭ ሳጥን ተሸክሟል። ሰሌዳውን አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ከሰል መሰለ። ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ በር ጎተተችኝ።

"ምን ጉድ ነው የጻፍሽብኝ?"

"እውነቱን፣ ዶኛ።"

"ስሜ በር ላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ ሴቪቼ የለም ይባላል? ሬይናልዶ፣ አስገባው ሳጥኑን። ወዳጄ ከበረዶ ቤት ሰጥቶኛል። ሎሚና ቃሪያ አብዝታችሁ አቅርቡ። በዚህ ግርግር ማንም አይለየውም።"

በሩ ላይ ቆምኩ። ሬይናልዶ እንዳያልፍ ክንዴን ዘረጋሁ።

"ዶኛ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ቀኑን ግን ለእኔ ሰጥተውኛል። ከፈለጉ አሁኑኑ ይቀሙኝና ሬይናልዶ ያቅርበው። እኔ እየመራሁ ግን ያ ሳጥን እዚህ አይገባም።"

ሬይናልዶ ሳጥኑን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። "እማ፣ ብርዱ እጄን ገደለኝ" አለ።

"ዝም በል አንተ!" አለችው። ወደ እኔ ዞረች። "እንግዳ ፊት አልጮህም። ስንዘጋ ግን አንቺና እኔ ተለያየን።" ሄዳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ያቀረብኩላትን ዳክዬ በሹካዋ ገፋ አደረገችው።

አለቀልኝ አልኩ። አልቅሼ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ሰው የሚበላበት አዳራሽ ነበርና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እኛ ስንነታረክ ግን የመግቢያው በር ባዶ ቀርቶ ነበር። አንድ ሰፊ ሰውዬ እናቱን ይዞ ገብቶ፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ከዶኛ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል። እናቱ ትንሽዬ አሮጊት ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ነገሩን ነገርኩት።

"የለም ማለት ምን ማለት ነው?" አዳራሹ ሁሉ ዞረ። "ከሁዋቾ ከተማ ድረስ ነድቼ መጥቻለሁ!"

"ጌታዬ፣ ወደቡ..."

"ወደቡን ተይው! አንቺ አስተናጋጅ ነሽ፣ የታዘዝሽውን አምጪ። በረዶ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አይጠፋም። ለእናቴ ነው፤" እጁን ወደ አሮጊቷ አወዛወዘ፣ "እሷ እንደሆነ ምኑንም አትለየውም።"

አሮጊቷ አንገቷን ደፍታ ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ ጣለች። ያ አንገት አሁንም ያመኛል። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ዶኛ ኤደልሚራ ነበረች። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን እየረገመች ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። ወደ ሰውዬው ሳይሆን መጀመሪያ ወደ አሮጊቷ አየች፤ ቆይታ አየቻት።

"የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ" አለች።

"ጎሽ!" አለ ሰውዬው። "እስቲ ለዚህች ልጅ ንገሪልኝ።"

"ላንተ ነው እንጂ የሚነገርህ! እናትህ የሚሰጣትን አትለይም? አንተን ስትወልድ ነው ያልለየችው!" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። "በዚህ ቤት ለእናት የማይቀርብ ነገር ለማንም አይቀርብም። ይቺ ደግሞ አስተናጋጅ አይደለችም። ሥራ አስኪያጄ ናት። ሥራ አስኪያጄ የለም ካለች የለም!"

አሮጊቷ ቀና ብላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "እኔ ዳክዬ እወዳለሁ" አለች።

ለሌላ ሰው አላስተላለፍኩትም፣ እኔው አመጣሁላት። ሳህኑን ሳስቀምጥ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሩዙ አረንጓዴ ጭጋግ መስሎኛል። ስመለስ ዶኛ በቀሚሴ ጫፍ ያዘችኝና ወደ ራሷ ጎትታ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች።

"ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው ፊደል አስቀያሚ ነው።"

"እሺ፣ ዶኛ።"

"በር ላይ ሰው ሳታቆሚ ሁለተኛ እንዳትገቢ።"

"እሺ።"

"ማክሰኞ ዓሣ ካላመጣሽ ደግሞ አንቺን ነው ሎሚ ውስጥ የምዘፈዝፈው።" ሹካዋን አነሳች፣ ከዳክዬው ቆረሰች፣ አላመጠች። ደግማ ቆረሰችና ልጇን ጠራችው። "ሬይናልዶ! ምን ትገተራለህ? ሥራ አስኪያጇን የት ላድርገው ብለህ ጠይቃትና ያን ሳጥን ከፊቴ አንሳልኝ።"

ሬይናልዶ ቀዩን አፍንጫውን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። "የት ላድርገው፣ ሥራ አስኪያጅ?" አለኝ።