ለቀብሩ የታዘዘው ጎደሬ

ወንዳፍራሽ ሦስተኛውን ጎደሬ ለሁለት ሰነጠቀው። የዚህም ውስጡ ቡናማ ነው። ቢላውን በካርቶኑ ጠርዝ ጠርጎ ከሌላ ሳጥን አንድ ፍሬ አነሳ፤ ገና ሳይቆርጠው አውራ ጣቱ ልጣጩን በስቶ ገባ። አራተኛውን ሳጥን ከፈተ፣ አምስተኛውንም ከፈተ። ከዚያ በኋላ መክፈቱን ተወው፤ ሽታው ራሱ ይናገር ነበር። ከሱቁ የኋላ በር አጠገብ የተደረደሩት ሃያ አራቱም ሳጥኖች የታዘዙት ለቅዳሜ ቀብር ነው። ዕለቱ ደግሞ ሐሙስ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ የካቲት 1994 ነው። የወንዳፍራሽ ሱቅ ሬኒየር ጎዳና ላይ፣ ከኦቴሎ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። የሐበሻ ሱቅ ነው ብሎ የሚገባ ሰው በርበሬም ሽሮም አያገኝም። መደርደሪያው የኮኮናት ወተት፣ በትልልቅ ጣሳ የታሸገ የበሬ ሥጋ፣ በባልዲ የተቀመጠ ጨው የጠጣ የበሬ ፍርምባና አበባ የታተመበት ሽርጥ ነው የሚሸጥበት። ደንበኞቹ ከሳሞአ ደሴቶች የመጡ ሰዎች ናቸው።

ከአራት ዓመት በፊት ሱቁን ከአንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ሲገዛ ደንበኞቹ በጥርጣሬ ነበር ያዩት። በመጀመሪያው ሳምንት ማሊያ የሚባሉ ትልቅ ሴት ገብተው ከሳጥን ውስጥ አንድ ፍሬ አነሱና "ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉት።

"ጎደሬ ነዋ!" አለ በአማርኛ፣ አምልጦት። ያደገው ወላይታ ሶዶ ነው።

ሴትዮዋ አላመኑትም። እጅ ሳያሳክክ እንዴት እንደሚላጥ ጠየቁት። "እጅም ሳይረጥብ፣ ጎደሬውም ሳይታጠብ" ሲላቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው እሱን "ጎደሬ" ይሉታል፤ እሱም እሳቸውን "እማማ" ይላቸዋል። ሰፈሩም ተከትሏቸው መጣ።

አሁን የሞቱት የእማማ ማሊያ ታላቅ ወንድም ናቸው። የቤተሰቡ አለቃ ስለነበሩ ከሎስ አንጀለስና ከሆኖሉሉ ሳይቀር አራት መቶ ሰው ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር ደግሞ ለለቀስተኛው ጎደሬ ካልቀረበ ቤተሰቡ አንገቱን ይደፋል።

ወንዳፍራሽ ለአከፋፋዩ ለሬይ ደወለ።

"ደሴቶቹ ላይ በሽታ ገብቷል" አለ ሬይ። "ቅጠሉ ነዶ አልቋል። የላክሁልህ የመጨረሻው ነው።"

"ሃያ አራቱም ሳጥን በስብሷል።"

"እንግዲያው ሌላ አለኝ። የሌላ አገር ነው፤ ተልጦ፣ በረዶ ሆኖ፣ በፌስታል ታሽጓል። ሳሞአ የሚል አስለጥፍልሃለሁ። በኮኮናት ወተት ከተቀቀለ በኋላ ማን ያውቃል?"

"እነሱ ያውቃሉ።"

"ሐዘን ላይ ናቸው እኮ! በዚህ ሰዓት ማን ጣዕም ያጣራል?"

ወንዳፍራሽ ስልኩን ዘጋ።

ሚስቱ ጥሩነሽ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ወጥታ ስትመጣ ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች። "ወንዴ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?"

ነገራት። ሳጥኖቹን በዓይኗ ቆጥራ ጨረሰችና "ሶ፣ ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"መጀመሪያ ለአወል ኮል አደርጋለሁ። ከዚያ ሄጄ ለእማማ እነግራቸዋለሁ።"

"ለቅሶ ቤት ሌላ መርዶ ይዘህ?"

"ቅዳሜ ከሚሰሙት ዛሬ ይስሙት።"

አወል አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ክፍል የሚሠራ የአገሩ ልጅ ነው። "ከሆኖሉሉ በየቀኑ ጭነት ይገባል" አለው። "ግን የሚልክልህ ሰው አለህ ወይ?" ወንዳፍራሽ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የገዛው የሃዋይ ገበሬ ነበር። ደወለለት። ገበሬው አሥር ሳጥን ብቻ እንዳለው ነገረው፤ የጠራው ዋጋ ትርፍ የሚባል ነገር አያስቀርም። ወንዳፍራሽ አልተከራከረም። "አሁኑኑ ላክልኝ" አለው። አወልም በረራውን አጣርቶ መልሶ ደወለ፤ "ኦኬ፣ ነገ ከሰዓት ኢንሻአላህ እጅህ ይገባል።"

የእማማ ማሊያ ቤት በረንዳ በጫማ ተሞልቷል። ወንዳፍራሽ ጫማውን አውልቆ፣ የተሰነጠቀውን ጎደሬ በፌስታል ይዞ ገባ። እማማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሟቹ የበኩር ልጅ ፊሊፖ አለ፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ትከሻው በር የሚዘጋ።

ወንዳፍራሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፌስታሉን ፈታ። "እማማ፣ የታዘዘው ሁሉ እንዲህ ነው። አንዱንም አልሸጥላችሁም።"



"ነግሬሽ ነበር አክስቴ" አለ ፊሊፖ። "ታኮማ ካሉት ከራሳችን ሰዎች እንዘዝ ብዬሽ ነበር። ይሄ ሰው የእኛን ለቅሶ በምን ያውቀዋል?"

"ታኮማ ያሉትም ዛሬ እየቆረጡ ያሉት ይህንኑ ነው" አለ ወንዳፍራሽ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። "ስልኩ ያው፤ ደውልላቸው።"

ፊሊፖ ተነስቶ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ሲያወራ ይሰማል፤ መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ ቆየት ሲል ዝግ ብሎ። ተመልሶ መጣና ከቅድሙ ይልቅ ወደ ወንዳፍራሽ ቀረብ ብሎ ተቀመጠ።

"ነገ ከሃዋይ አሥር ሳጥን ይገባልኛል" አለ ወንዳፍራሽ። "የሳሞአ አይደለም፤ ግን ደህና ጎደሬ ነው። የጎደለውን በአረንጓዴ ሙዝ እንሙላው። እናንተ ዘንድ ሙዝም ቢሆን ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ስሸጥላችሁ አይቻለሁ።"

"ጎደሬ የሚደርሰው ለማን፣ ሙዝ ለማን?" አለ ፊሊፖ። "ይሄ ነው ጠብ የሚያመጣው።"

"እሱን እኔ እደለድለዋለሁ" አሉ እማማ። "ለሽማግሌዎቹና ከሩቅ ለመጣው ጎደሬ፤ የቤቱ ሰው ሙዝ ይበላል። እኔም ሙዝ እበላለሁ። ቅር ያለው ይምጣና እኔን ይናገረኝ።" የበሰበሰውን ቁራጭ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና መልሰው አስቀመጡት። "ጎደሬ፣ ሌላ ነገር አምጥተህ የሳሞአ ነው ብትለን ኖሮስ?"

"ከዚያ ወዲያ 'ጎደሬ' ብላችሁ አትጠሩኝም ነበራ።"

እማማ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን እስኪረሱ ሳቁ።

በማግስቱ ፊሊፖ ሳይጠሩት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። በወንዳፍራሽ ቫን አብረው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ። አወል ሳጥኖቹን በዕቃ ማንሻ መኪናው አንስቶ አቀረበላቸውና "ቁጠር፤ አሥር ናቸው" አለ። ወንዳፍራሽ ግን ከመቁጠሩ በፊት ቢላውን አወጣና ከሦስት ሳጥን ሦስት ፍሬ ቆረጠ። ውስጡ ነጭ ነው፤ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ፊሊፖ ግማሹን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ኪሱ ከተተው።

ሲመለሱ ዝናብ ነበር። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ፊሊፖ ድንገት ወሬ ጀመረ።

"ከአገር ቤት እህቴ ጽፋልን ነበር። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ክብ ጥቁር ነገር ወጣ አለች። በሳምንቱ ማሳው በሙሉ ተበሳሳ። ደብዳቤውን ለአባቴ ሳነብለት አላመነኝም። 'ጎደሬ አይሞትም' ነው ያለኝ። እንዳላመነ ሞተ።"

ወንዳፍራሽ የመኪናውን ፍጥነት ቀነስ አደረገ። "ከአሥር ዓመት በፊት በድርቁ ጊዜ በቆሎው ደርቆ ቀረ። እናቴ ወንዝ ዳር እየወረደች ጎደሬ ትቆፍር ነበር። ጠዋት ጎደሬ፣ ማታ ጎደሬ። ታናናሾቼ የተረፉት በሱ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ጎደሬ አልቀምስም ብዬ ምዬ ነበር።"

"አሁን ትሸጠዋለህ።"

"አሁን እሸጠዋለሁ።"

ፊሊፖ ሳቀ፤ ሳቁ ሳይጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወንዳፍራሽ አየው፤ መንገዱን እየተመለከተ ነዳ።

ቅዳሜ ሥርዓተ ቀብሩ ካበቃ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዳፍራሽ ጎደሬውንና ሙዙን ቀድሞ ለማብሰያው ክፍል አስረክቦ ነበርና በጎን በር ሊወጣ ሲል ፊሊፖ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ረጅም ዘንግ ተመርኩዘው፣ ትከሻቸው ላይ ጭራ ጣል አድርገው ይናገራሉ። ድንገት አራት መቶ ሰው ዞሮ ወንዳፍራሽን ተመለከተው።

"ምን አሉ?"

"ጎደሬያችን ታሟል፤ መታመሙን ሳይደብቅ የነገረን ሰው ይኸው፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይብላ አሉ።"

ጎደሬ ቀረበለት። ማዶ እማማ ማሊያ ሙዛቸውን በእጃቸው ቆርሰው ይበላሉ። እዚያ እሳቸው አጠገብ ተቀምጦ ሙዝ ቢበላ ይመርጥ ነበር፤ ቢሆንም የተሰጠውን ሳያስተርፍ በላ።

ማክሰኞ ጠዋት የሬይ መኪና ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረገ። ሾፌሩ ያልታዘዘ ሠላሳ ፌስታል አወረደ፤ እያንዳንዱ ላይ ሳሞአ የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፏል።

"መልሰው" አለ ወንዳፍራሽ።

"ሬይ በግማሽ ዋጋ ነው ያለው። ሌላ ሱቅ ሁሉ ወስዶታል።"

"ይውሰዱ። የሃዋይ ገበሬ በወር ሁለቴ ሊልክልኝ ተስማምቷል፤ ትንሽ ነው፣ እስኪበዛ እጠብቃለሁ። ለሬይ የተለጠፈ ነገር እንዳይልክልኝ ንገረው።"

ሾፌሩ እያጉረመረመ ጫነና ሄደ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሰፊው መደርደሪያ፣ ጎደሬው ይቀመጥበት የነበረው፣ ባዶውን ነው። ጥሩነሽ ከኋላ ክፍል የሩዝ ጆንያዎች በጋሪ እየገፋች መጣች።

"እዚህ ልደርድረው አይደል?"

"ተዪው፣ ባዶውን ይሁን።"

"ወንዴ፣ ኪራይ የምንከፍልበት ቦታ እኮ ነው! ያውም የሱቁ ግንባር።"

"የሃዋዩ እስኪመጣ ነው። ገብቶ ባዶ ያገኘው ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል።"

ጥሩነሽ መደርደሪያውን አየችው፤ እሱን አየችው። ከዚያ መጥረጊያ አቀበለችው። ወንዳፍራሽ ከጥግ ጥጉ ደረቅ አፈሩን ጠርጎ አወጣ፤ የሩዙንም ጋሪ አዙሮ ወደ ኋላ ክፍል መልሶ ገፋው።