ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው

የአንደኛ ክፍልን መስኮት በብረት የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ራሴ፣ በእነዚህ እጆቼ። ሠላሳ ዓመት ብረት በይጃለሁ፤ የእኔን ሥራ ነቅሎ የሚገባ ሌባ በዚህ ሰፈር ገና አልተወለደም። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ተሰርቀውበት ዳይሬክተሩ «ዝንብ እንኳን እንዳታስገቢ» ሲለኝ፣ እኔም አፌ ዝም አይልም፣ «ዝንቧም ፈቃድ ትጠይቃለች» አልኩት። ከታች ያሉትን ክፍሎች መስኮት በሙሉ አውራ ጣት በሚያህል ብረት ጠረቅኳቸው። ሥራው ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄ በመምህርነት ተመርቃ እዚያው ትምህርት ቤት ተመደበች። የት? አንደኛ ክፍል። ሃምሳ አንድ ሕፃናት፣ አንድ በር፣ እና እናቷ የጠረቀችው አንድ መስኮት።

መሬት የተንቀጠቀጠች ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ብየዳ ቤቴ ውስጥ የሰው የግቢ በር እየበየድኩ ነበር። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያስደገፍኳቸው ብረቶች እርስ በርስ መንኳኳት ጀመሩ፣ መብራቱ ድርግም አለ፣ እኔም ሳላስበው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተገኘሁ። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። እንደቆመ የብረት መቁረጫ ማሽኔን አንስቼ በረርኩ። በዚህ ጉልበቴ!

ስደርስ ግቢው በልጆች ተሞልቷል፤ ሁሉም ክፍል ወጥቷል። አንደኛ ክፍል ብቻ የለም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ የበሩን መቃን አጣሞት በሩ አልከፈት ብሏል። ልጄ መስኮቱ ላይ ናት፤ ጣቶቿ በብረቶቼ መካከል ወጥተዋል። «እማዬ፣ ቁረጪው!» አለችኝ። እሺ ብዬ ገመዱን እየዘረጋሁ ሶኬት ስፈልግ ነው መብራት መጥፋቱ ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ብረት ስበይድ አንድ ቀን መብራት በሌለበት ልክፈተው እላለሁ ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳን አላሰብኩም ነበር።

ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆምኩ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ በብረቱ መካከል ሽቅብ አየችኝና «እማማ፣ ለምንድነው የማይከፍቱልን?» አለችኝ። ምን ልበላት? የዘጋሁት እኔ ነኝ ልበላት? በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ በዚያን ዕለት ደግሞ ከመሬት ጋር እንዲህ ያለ ቀልድ አያዋጣም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘበኛው በሩን በዶማ ሰብሮ አወጣቸው። ሁለት ልጆች ግንባራቸው ተጫጫረ እንጂ የሞተ የለም። ሰዉ «ተመስገን» ብሎ ልጁን እየያዘ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን ተመስገን ለማለት እንኳን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በሳምንቱ አንዲት የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ መጥታ መምህራኑን አሠለጠነች። ልጄ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ «ይቺ ትንሿ ነበረች፣ እማዬ» አለችኝ። «ትልቁ ነገ ይምጣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማንም አያውቅም። መምጣቱ ግን አይቀርም አለችን።» እንግዲህ ዋዛ የለም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር በብረት አሰርኩት፣ ከራስጌዬ የተሰቀለውን ትልቅ መስታወት አወረድኩት፣ ውሃና የእጅ ባትሪ የያዘ ቦርሳ በሩ ሥር አስቀመጥን። ከቤት ወጥተን የት እንደምንገናኝም ተነጋገርን። ቤታችን በአንድ ከሰዓት ተሰናዳ። ልጄ ያን ሁሉ ስሠራ ታየኝ ነበር፤ በመጨረሻ «መስኮቱስ?» አለችኝ።

ዳይሬክተሩን ሰፈሩ በሙሉ ማህተሙ ነው የሚለው። ማህተም ያላረፈበት ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም። በዕድሜ ልጄን በጥቂት ቢበልጣት ነው፤ እኔ ግን ለወንበሩ ስል አንቱ እለዋለሁ። ገባሁና «ያን ብረት ልቁረጠውና ከውስጥ የሚከፈት ላድርገው፤ የእጄንም የዕቃውንም አልጠይቅም» አልኩት።

«እናቴ» አለኝ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ «ሌባ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው። መንቀጥቀጡ ግን መጣ፣ ሄደ። ለማንኛውም ለበላይ አካል ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«መልሱ መቼ ይመጣል?»

«በሂደት።»

«መሬቷስ? እሷም በሂደት ነው የምትንቀጠቀጠው?»

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም የተናገርኩት።

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በሄድኩ ቁጥር ደብዳቤው አንዱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እነዚህ ቅጠሉንም ሊያስፈርሙበት ነው። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ሄድኩ። ዘበኛው አየኝ፣ ጋሪውን አየ፣ «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። ጋዜጣውን የያዘው ገልብጦ ነበር።

ብረቱን ዙሪያውን ቆርጬ አወጣሁት፣ ጠርዝ ሠራሁለት፣ በሦስት ማጠፊያ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ መልሼ አቆምኩት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት በላሜራ ሸፈንኩት። ሌባም አይገባ፣ ልጅም አይታፈን። መቀርቀሪያውን በአንድ ጣቴ ስሞክረው እንደ ቅቤ ሄደ። ግን የእኔ ጣት የበያጅ ጣት ነው፣ ምን ያውቃል? ያቺን ጥርሰ ወላቃ ልጅ ከጎረቤት አስጠራኋት። በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ጆሮዋ እስኪቀላ ጎተተችው፤ ንቅንቅ የለም። አወጣሁት፣ ሞረድኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ወደ ትከሻዋ ቁመት አወረድኩት። በሁለተኛው አልሆነም። በሦስተኛው ቀጭ! አለና መስኮቱ ተበርግዶ እኔን ግንባሬን መታኝ። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እኔም ግንባሬን ይዤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማህተሙ አየው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መስኮቱን ከነጠርዙ በሰንሰለት ጠፍሮ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰካበት! አጠገቡም ወረቀት ለጠፈ፤ «በአደጋ ጊዜ ቁልፉን ከቢሮ መጠየቅ ይቻላል» ይላል፤ ማህተም አለው። ለልጄ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት፤ እናትሽ ዳግመኛ የትምህርት ቤቱን ንብረት ብትነካ አንቺ ከሥራ ትሰናበቻለሽ የሚል።

ልጄ ለስላሳ ናት፤ በአባቷ ወጥታ ነው። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አለቀሰች። «እማዬ፣ በቃሽ። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ጠብቄ እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ።» ደሜ ፈልቶ ነበር፤ እንባዋን ሳይ ቀዘቀዘ። እጄን ያን ሰንሰለት ላይ አላሳርፍም ብዬ ማልኩላት። መሐላዬንም ጠብቄያለሁ፤ ማንም ይመስክር።

ከሥልጠናው የመጣው መመሪያ በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ወላጆች ባሉበት ልምምድ ይደረግ ይላል። ልጄ ቀኑን ጽፋ ስታቀርብለት ማህተሙ ሳያነበው ማህተሙን መታበት። በመሆኑም በቀጠሮው ቀን ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰለፍን፣ እሱ ደግሞ የለም። እኔም ከወላጆቹ ጋር ቦርሳዬን አንግቤ ቆሜያለሁ። ማንም ውጪ አላለኝም።

ደወሉ ተደወለ። በመስኮቱ እናያለን። ሃምሳ አንዱም ልጆች ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ በአንድ እጃቸው ጭንቅላታቸውን ሸፍነው በሌላው የጠረጴዛውን እግር ያዙ። እንዴት እንደሚያምሩ! ልጄ እስከ ስልሳ ቆጠረች። «አሁን ቆሟል። በሩ ተጣሟል፣ አይከፈትም። በመስኮት እንወጣለን» አለች። ከዚያ ወረቀቱ እንደሚለው ዘበኛውን ቁልፍ እንዲያመጣ ወደ ቢሮ ላከችው። አንድ አባት ሰዓቱን ያዘ።

ዘበኛው ሄደ። ቆየ። ተመለሰ። ባዶ እጁን ነው።

«ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው» አለ።

«ማን?»

«ቁልፉ። ጸሐፊዋ እንደዚያ አለችኝ። ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ባለ ሰዓቱ አባት «ስድስት ደቂቃ» አለ። አንዲት እናት ሄዳ እጇን በብረቱ መካከል ሰደደችና የልጇን ፀጉር ነካች። ልጁ «እማዬ፣ ጨዋታ ነው ወይስ የእውነት?» አላት። አንድ ወላጅ «ይሄን ብረት የሠራው ምን ዓይነት አረመኔ ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳላስብ ዘጋሁት። አስቤ ከፈትኩት። ያን ሰንሰለት ግን አላሰርኩም።»

እጄ ይበላኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እማዬ» አለች ልጄ ከውስጥ፣ «ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን አቀብይኝ።»

እንዴት እንዳወቀች እንጃ። የእሷ እናት መሆን ቀላል አይደለም፣ የእኔ ልጅ መሆንም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ረጅም እጀታ ያለውን የሰንሰለት መቁረጫ ጉጠት አወጣሁና ያዝኩት። «ልጄ፣ ሥራሽስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አቀብይኝ አልኩሽ እኮ!»

በብረቱ መካከል ሰጠኋት። አያያዙን አታውቅበትም፤ አፉን ሰንሰለቱ ላይ አድርጋ እጀታውን መሐሉ ላይ ጨብጣ ትታገላለች። «ጫፉን! ጫፉን ያዢ፣ ጉልበት ጫፉ ላይ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እጄን ነው እንጂ አፌን አልማልኩም። ጫፉን ይዛ ጨመቀችው። ሰንሰለቱ ተበጥሶ መሬት ላይ ወደቀ። መስኮቱ ሥር ያለችው ያቺ ጥርሰ ወላቃ ልጅ መቀርቀሪያውን ቀጭ አደረገችና መስኮቱ ተበረገደ።

መውጣት ጀመሩ። አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ቂጥ፣ ከዚያ ዝላይ። ልጄ ከውስጥ እየደገፈች ትቆጥራለች፣ ወላጆች ከውጭ ይቀበላሉ። እንባዬን ከቦርሳዬ ባወጣሁት የብየዳ ጓንቴ ስጠርግ ፊቴን ጥላሸት አስመሰልኩት፤ ግድ የለኝም። አልቅሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ግማሹን ካለፍን በኋላ የማህተሙ መኪና ግቢ ገባች። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። እየተንደረደረ መጥቶ መስኮቱ ፊት ለፊት ቆመ።

«ማን ነው የቆረጠው?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ለልጄ ስል በሐሰት ልምል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ። ግቢው በሙሉ ሰማት።

«እንግዲያው ተሰናብተሻል! ደብዳቤሽ ዛሬውኑ ይደርስሻል!»

መስኮቱ ላይ አንዲት ሕፃን አንድ እግሯን ወደ ውጭ አንጠልጥላ ተቀምጣለች፤ ልትዘል ፈልጋ መውረጃው ላይ የተወለወለ የሰው ጫማ ቆሞባታል። ልጄ የልጅቷን ወገብ እንደያዘች ቀና አለችና አየችው። ያቺ ድምጿ ከጎረቤት የማያልፍ ልጄ።

«ደብዳቤውን እቀበላለሁ» አለችው። «አሁን ግን መውጫው ላይ ነው የቆሙት። ዞር ይበሉ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉኝ።»

ማህተሙ ወደ ወላጆቹ ዞረ። ሁሉም ያዩት የነበረው ጫማውን ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

ልጅቷ ዘለለች።

«ሠላሳ ሦስት» አለች ልጄ፣ የሚቀጥለውን እያነሳች።