ሃያ ሦስት ልብስና አንድ ቪዛ

ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ «ስለ ስፌት ሥራሽ ልናነጋግርሽ እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ የደረሳት ቀን፣ ልጅቷ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ አክስቷ ቤት አልጋ ሥር ደበቀችው። ቪዛዋ የተማሪ ነው። ያለ ፈቃድ የራሱን ሥራ ከፍቶ ገቢ ያገኘ ተማሪ ቪዛው እንደሚሰረዝበት ከመጣች ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዚፕ ነው። በተማሪዎች ማደሪያው ሕንፃ የጎረቤቷ ጃኬት ዚፕ ቢበላሽ ቀየረችላት፤ ጎረቤቷ ለጓደኞቿ አወራች። ሱሪ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማስጠበብ የፈለገ ሁሉ ከየፎቁ ይመጣ ጀመር። እሷም ደፈር ብላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ «ልብስ እናስተካክላለን» የሚል ወረቀት ለጠፈች። «እናስተካክላለን» ያለችው ብቻዋን መሆኗ አሳፍሯት ነው።

በቀጠሮው ቀን አክስቷ ከሥራዋ አስፈቅዳ አብራት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትመክራት ነበር፤ ካልጠየቁሽ አትናገሪ፣ ከጠየቁሽም አሳጥሪው። ልጅቷ ግን አክስቷን ኮሪደሩ ላይ ትታ ቢሮው እንደገባች፣ ገና ወንበር ሳትይዝ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መኪናውን፣ ወረቀቱን፣ ደብተሯ ላይ የመዘገበቻቸውን ሃያ ሦስት ልብሶች።

የቢሮው ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ አዳመጠቻት።

«ለአንዱ ስንት ታስከፍያለሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እስካሁን አላስከፈልኩም።»

«ከሃያ ሦስቱ አንዱንም?»

ማስረዳቱ ከበዳት። ሰው ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ «ስንት ነው?» ይላል፤ እሷ «ኧረ ግድ የለም» ትላለች። አገሯ ቢሆን ሰውየው በግድ እጇ ውስጥ ያስጨብጣት ነበር። እነዚህ ግን የተባሉትን አምነው፣ አመስግነው፣ ልብሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዋጋ ሁለተኛ ለማንሳት ደግሞ ይሉኝታ ይይዛታል። አክስቷ በዚህ ነገር ስትነተርካት ነው የከረመችው።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ደብዳቤውን የጻፈችው ልትቀጣት ሳይሆን ሳትሳሳት ልትደርስላት እንደሆነ ነገረቻት። ዩኒቨርሲቲው የሚደግፈው ተማሪ የራሱን ሥራ የሚጀምርበት ፈቃድ አለ፤ መጠየቅ ያለበት ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት ነው።

«አንድ ጊዜ እንኳ ተቀብለሽ ቢሆን ማመልከቻሽን አልይዘውም ነበር» አለቻትና ቅጹን ሰጠቻት።

ኮሪደሩ ላይ አክስቷ ፊቷን አይታ ደነገጠች። ልጅቷ አጠገቧ ዘፍ ብላ የሆነውን ስትነግራት፣ አክስትየው አፏን በነጠላ ጫፍ ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ልጅቷም ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያኔ ታወቃት።

ቅጹን እዚያው መሙላት ጀመረች። «የአገልግሎት ዋጋ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ጻፊ እንጂ» አለች አክስቷ፣ «ወረቀት ነው፤ ዓይን የለው፣ አያይሽ።»

ልጅቷ ለሱሪ ማሳጠሪያ አንድ ቁጥር ጻፈች። አየችው። ሰረዘችውና ከፍ አድርጋ ጻፈችው።