የኸርበት ሉዝ በር በማን ሰዓት ይከፈታል?

የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ስሜ ሲጠራ ከወንበራቸው ትንሽ ብድግ ይላሉ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራማላ ባለ የሰብዓዊ መብት ቢሮ የመስክ ሠራተኛ ሆኜ ያልቆምኩበት ኬላ፣ ያልመዘገብኩት የተነቀለ ዛፍ የለም። አራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት ከነአንቀጹ በቃሌ እወጣዋለሁ። እንደ ሚስቴ አባባል በእንቅልፌም እወጣዋለሁ።

የማታምነኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጠበቃችን ኖጋ። የቴል አቪቭ ልጅ ናት፤ ሰውነቷ ቀጭን፣ ቦርሳዋ ግን ሁለት ሰው የሚሸከመው።

"አቡ ሸውቂ፣ ያንተን ቁጥር እኔ ለአስር ነው የማካፍለው" ትለኛለች። "መቶ ወታደር ካልክ አስር ናቸው። አስር ካልክ አንድ ነው፣ እሱም ተኝቷል።"

የኡም ሩብሒ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኡም ሩብሒ የመንደሬ የኸርበት ሉዝ ሰው ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ፣ ባሏ የሞተባት። አርባ አንድ የወይራ ዛፎቿ ከሽቦው አጥር ማዶ ቀርተዋል። አጥሩ ላይ በር አለ፤ የሚከፍተው ጦሩ ነው። ሁለት ዓመት ሳይከፈት ቀረ፤ ፍሬው መሬት ላይ ረገፈ። ከሰስን። የመንግሥት ጠበቃ ተነሳና "ለመጨረሻ ጊዜ ስንከፍት ማንም አልመጣም፤ በሩ ለዘለቄታው ይታሸግ" አለ።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። "እሑድ ጠዋት ከአስራ ሁለት ተኩል እስከ ሩብ ጉዳይ ለአንድ ይከፈት። ገበሬዎቹ ከመጡ ለቀማው እስኪያልቅ በየቀኑ ይከፈታል። ካልመጡ መዝገቡ ይዘጋል።"

ኖጋ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሰዎቹን በሰዓቱ አምጣቸው። እኔ በወዲያ በኩል ዞሬ ዛፎቹ ሥር እጠብቃችኋለሁ።"

"ለእኔ ነው ሰዓት የምትነግሪው?" ብዬ ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁላት። በግራዬ የራማላ ሰዓት፣ በቀኜ የኢየሩሳሌም ሰዓት አስሬያለሁ።

ቀልድ አይደለም። በየመኸሩ እኛ ሰዓታችንን ወደ ክረምት የምንመልሰው በራሳችን ቀን፣ እነሱም በራሳቸው ቀን ነው። በመሃል ባሉት ቀናት በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት ይገባል። ስልኬ የየትኛውን ወገን የኔትወርክ ማማ እንደያዘ ስለማያውቅ ሳሎን ስቀመጥ ሦስት ሰዓት ይላል፣ በረንዳ ስወጣ አራት። ሁለት መቶ የሰላም ጉባኤ ላይ ንግግር አድርጌያለሁ (እሺ፣ ሃያ)። ሁሉም ላይ ስለ ድንበር እንጨቃጨቃለን፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

በዚያ ዓመት የእኛ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰው ከዚያች እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። የእነሱ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኡም ሩብሒን ለማገዝ በበሩ የማለፍ ፈቃድ ያላቸውን ገበሬዎች ሁሉ በመንደሩ የእንግዳ አዳራሽ ሰበሰብኩ።

"ስሙኝ!" አልኩ። "ሰዓታችንን አንድ ሰዓት መለስን ማለት አንድ ሰዓት አተረፍን ማለት ነው። ስለዚህ የእነሱ አስራ ሁለት ተኩል ለእኛ አንድ ተኩል ነው። ተኙ፣ ቁርሳችሁን ብሉ፣ ከዚያ ተከተሉኝ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ ኡም ሩብሒ ብቻ አላጨበጨበችም።

"እኔ የንጋቱን የሱብሂ ሶላቴን እንደሰገድኩ እሄዳለሁ" አለች።

"አክስቴ፣ በዚያ ብርድ ምን ይሠራሉ? እኔ ራሴ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ።"

"አንተን ስጠብቅ ወይራው ራሱ ዘይት ሆኖ ቤቴ ይመጣል።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ።

እሑድ ጠዋት የወጣንበትን ሰልፍ ንጉሥ ቢያየው ይቀና ነበር። ሁለት ትራክተር፣ አራት አህያ፣ መሰላል፣ ፍሬ መልቀሚያ አንሶላ፣ አንድ ድስት የወይን ቅጠል ጥቅልል። ከፊት እኔ፣ በአሮጌዋ ሱባሩ። በእኛ ሰዓት ልክ አንድ ተኩል ላይ ደረስን፤ አንዲት ደቂቃ አላዛነፍኩም።

በሩ ተቆልፏል። ከሽቦው ማዶ ኡም ሩብሒ ዛፍ ላይ ወጥታለች፤ ኖጋ ከሥር አንሶላ ታነጥፋለች። አንድ ጆንያ ሞልቶ ቆሟል።

"እንደምን ዋላችሁ!" አለች ኡም ሩብሒ ከላይ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ አቡ ሸውቂ!" ኖጋ ጮኸች። "ሁለት ተኩል!"

ቀኝ እጄን አየሁ። ሁለት ተኩል ይላል። እውነቱ ክንዴ ላይ ታስሮ ነው ያደረው፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። የእነሱ አስራ ሁለት ተኩል ለእኛ አስራ አንድ ተኩል ነበር።

ባለ ትራክተሩ አቡ ፋህሚ ወረደና ወገቡን ያዘ። "ያቺ ያተረፍናት አንድ ሰዓት የት አለች? አሳየን እስቲ፣ በየትኛው ኪስህ ናት?"

ኖጋ ወደ ሽቦው ተጠጋች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የገባችው አንድ ሰው ናት። ረቡዕ ፍርድ ቤት ስንመለስ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ለአንዲት አሮጊት በር አንከፍትም ነው የሚሉት። እናንተ መምጣታችሁን ማን ይመሰክራል? አንተ? ያንተን ቁጥር ዳኛው ለመቶ ነው የሚያካፍለው።"

አርባ አንዱን ዛፍ አየሁ። ፍሬው ጠቁሯል፤ ለአንዲት አሮጊት የወር ሥራ ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አጥሩ ሲነካ ጂፕ እንደሚመጣ የመንደራችን ፍየል ሁሉ ታውቃለች። የነካውን ደግሞ በስምና በሰዓት ይመዘግባሉ፤ ደንባቸው ነው።

"ተው አቡ ሸውቂ" አለች ኖጋ። "ያስሩሃል።"

እጄን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ። ሌላውን እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ከብርዱ ነው።

ጂፑ በአራት ደቂቃ ደረሰ። ከሥራው ለአንድ ወር የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ ተጠርቶ የመጣ ፀጉሩ የሸበተ የመቶ አለቃ ወረደ።

"ማነው የነካው?"

"እኔ። እንዲጻፍልኝ ነው።"

"ምን ይጻፍልህ?"

ሦስት መቶ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። "ሃያ ሦስት ገበሬ ፈቃዱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።" ቁጥር ሳላሳብጥ ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥርስ እንደተነቀለ ሰው ድዴ ቀለለኝ።

ሰውየው በጣቱ ቆጠረን። "ሃያ ሦስት" አለና ስማችንን ከየፈቃዳችን ላይ ጻፈ። "ለምን ዘገያችሁ?"

ስለ ሰዓቱ ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ አየ፤ የእኛን ማማ ይዞ አንድ ሰዓት ከአርባ ይላል። ተነፈሰ። "እኔም ትናንት ተረኛዬን በተሳሳተ ሰዓት ቀሰቀስኩት። እስካሁን አላናገረኝም።"

ያም ሆኖ ከጂፑ ጎማ አጠገብ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀመጠኝ። ደንብ ደንብ ነው። ኡም ሩብሒ ከዛፉ ላይ በየመሃሉ "ስንት ሰዓት ሆነ?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ረቡዕ የመንግሥት ጠበቃ እንደተጠበቀው "አንዲት ሴት ብቻ ናት የመጣችው" አለ። ኖጋ የጦሩን የራሱን መዝገብ አቀረበች፤ ሃያ ሦስት ስም፣ ከመቶ አለቃው ፊርማ ጋር። ዳኛው አንብቦ ቀና አለና እኔን አየኝ።

"መሪያቸው አንተ ነህ? ለምን ዘገያችሁ?"

ኖጋ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ኬላ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ጥይት ተኩስ ድንቅ ድንቅ ታሪኮች ነበሩኝ።

"የተከበሩ ዳኛ፣ መቀነስ ሲገባኝ ደምሬ ነው" አልኩ።

ዳኛው አፉን በመዝገቡ ሸፈነ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በሩ ለቀማው እስኪያልቅ በየጠዋቱ አንድ ሙሉ ሰዓት እንዲከፈት፣ በሁለቱም ወገን ሰዓት የተጻፈ ሰሌዳ እንዲሰቀልበትም አዘዘ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ተከራክሬ ያስፈረድኩት ነው!" አልኳት ለኡም ሩብሒ።

"የሰው አላዋቂነት በዳኛ ማኅተም ሲጸድቅ ገና ዛሬ አየሁ" አለች። ግን ከዘይቷ አንድ ጠርሙስ በእጄ አስያዘችኝ።

በማግስቱ የሱብሂ ሶላቷን ሰግዳ፣ መሰላሏን ይዛ መጣች። ሰሌዳውን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እኔ ከእሷ ቀድሜ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። ሰሌዳው በትክክል መጻፉን ለማጣራት ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም።