አሮጌው አፈር

አቶ ወልደጻድቅ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ሲያትል አጠገብ ባለችው ኦበርን ውስጥ አንድ የችግኝ መሸጫ ቦታ አፈር ቀላቃይ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራውን ያስገኘላቸው የቦታው ፎርማን አማረ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አገር ቤት እርሻ ኮሌጅ ሲገባ የአፈር ትምህርት ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። እሱን ያስተማሩት ግን ለግማሽ ዓመት ብቻ ነው። አንድ ቀን በጣሳ ያሳደገውን የበቆሎ ቡቃያ ክፍሉ ፊት ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው፣ «ይህን ጭቃ አፈር ብሎ ያመጣ ልጅ ምን ይደረጋል?» ብለው ተማሪውን ሁሉ አሳቁበት። የፈሰሰውንም በጣቱ እየለቀመ እንዲያነሳ አደረጉት። አማረ በሳምንቱ ኮሌጁን ጥሎ ወጣ።

አቶ ወልደጻድቅ ይህን አያስታውሱም። ወደ ሲያትል በ1996 ያመጣቻቸው ልጃቸው ማህደር ናት፤ የሚኖሩትም ቱክዊላ ካለው አፓርታማዋ ነው። አማረ ጠዋት በመኪናው ይወስዳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። በሩን ከፍቶ ሳያስገባቸው አይነዳም። ከ«ጋሼ» በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ማህደር እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አይታ እንደማታውቅ ለጓደኞቿ ታወራ ነበር።

ሥራው አሮጌ አፈር ማደስ ነው። ሳይሸጡ የደረቁ ተክሎች ከነፖታቸው ይመጣሉ። እሳቸው ሸራ ላይ ይገለብጡና ሥሩን ይለቅማሉ፣ የጠጠረውን ያደቅቃሉ፣ በወንፊት ይነፋሉ። ለሁለት እጅ አሮጌ አፈር አንድ እጅ ኮምፖስት ይጨምራሉ፤ ውሃ እንዳያቁርም ፐርላይት የሚባለውን ነጭና ቀላል ጠጠር ይበትኑበትና በአካፋ ያገላብጡታል። ለዚህ ሁሉ ማሽን ነበረ። አማረ ግን ለአሜሪካዊቷ አለቃው፣ «የእሳቸው እጅ ከማሽን ይበልጣል» ብሎ ነገራት።

ጓንት ሲጠይቁት፣ «አፈር በእጅ ካልነኩት አይታወቅም ይሉን አልነበር ጋሼ?» አላቸው።

አቶ ወልደጻድቅ ደስ አላቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ እንኳ ቃላቸውን ይዞ ቆይቷል። ዝናብ እየመታቸው በባዶ እጃቸው ሠሩ፤ ጣታቸው ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር።

ኤፕሪል ላይ ብዙ የቲማቲም ፖት መጣ። ሲገለብጡት ሥሩ ቡናማ ሆኖ በስብሷል።

«አማረ፣ ይህ አፈር በሽታ አለበት» አሉ። «ወይ በእንፋሎት ይቀቀል፣ ወይ ይጣል። ችግኝ ከገባበት ያልቃል።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት እኮ ነው።»

አለቃዋ ስትመጣ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ሊያስረዷት ሞከሩ። አነጋገራቸው አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ወደ አማረ ዞረች። አማረ ወደ ቢሮዋ እየሸኛት፣ «አፈሩን አጣርቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው እያሉሽ ነው» አላት። ተመልሶም «ቀላቅሉት ብላለች» አላቸው።

አቶ ወልደጻድቅ አካፋውን ጣሉት።

«እምቢ ማለት ይችላሉ ጋሼ» አለ አማረ በለዘብታ። «ሶ፣ ቤት ሊውሉ ነው? ማህደር ብቻዋን አይከብዳትም?»

አካፋውን አነሱት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ መቶ ችግኝ ጠውልጎ ተጋደመ። አማረ ለአለቃዋ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነገራት፤ ሽማግሌ ማመን አልነበረበትም። ሴትየዋ የአማረን ቅንነት አመሰገነች፣ አቶ ወልደጻድቅን አሰናበተች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ወልደጻድቅ፣ «ነግሬህ ነበር እኮ» አሉ።

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

አማረ መንገዱን እያየ የበቆሎውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላቸው። አቶ ወልደጻድቅ ብዙ አሰቡ።

«አላስታውሰውም» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያ ያደረግሁት ብዙ ልጅ ላይ ነው።»

አማረ ነዳጁን ረገጠ። ቱክዊላ ደረሱ። ፓርክ አድርጎ በሩን ከፈተላቸው፤ ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው፤ ከዚያም እሳቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ችግኙ በቀላቀሉት አፈር እንዳለቀና እንደተሰናበቱ ለማህደር ነገራት። ስለ እንፋሎቱ ግን አላነሳም።

ሳምንቱን ሙሉ አቶ ወልደጻድቅ ሊያስረዷት ሞከሩ።

«አፈሩን ማን ቀላቀለው አባዬ?» ትላለች።

«እኔ፤ ግን…»

«በቃ፣ ግን የለውም።»

እሁድ ማህደር ጥብስና አልጫ ሠርታ አማረን ጠራችው። ሱፍ ለብሶ፣ ፍራፍሬ ይዞ መጣ። ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳያነሳ በላ። ትዕግሥቷ ያለቀው ማህደር ናት።

«አባዬ፣ ሰውየው በአንተ የተነሳ እንጀራውን ሊያጣ ነበር። ይቅርታ ጠይቀው።»

አቶ ወልደጻድቅ ልጃቸውን አዩ፣ አማረን አዩ። አማረ ማኘኩን አቁሞ ይጠብቃል። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ።

አማረ ብድግ አለ። የተሰነጣጠቀ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቅ አደረገው፤ እሳቸው ፊታቸውን እስኪያጨማድዱ ድረስ አልለቀቀም።

«ኧረ በእግዜር ጋሼ፣ እኔን አንቱ? ተማሪዎ አይደለሁም እንዴ?»

ማህደር እፎይ ብላ ዓይኗን ጠረገች፤ ሳህኑን አንስታም ጥብስ ጨመረችለት። አማረ አልተግደረደረም።